የኮከብ እንቆቅልሽ አቃተኝ፤ አንዱ ላይ ደግሞ ነጥቤን ቀምተውኛል

ጀማሪው፦

ሰላም ጎበዝ፣ እስቲ እርዱኝ። ከጓደኞቼ ጋር በየሳምንቱ እንቆቅልሽ የምንጠያየቅበት ግሩፕ አለን። የዚህ ሳምንት ርዕስ ከዋክብትና የዞዲያክ ህብረ ከዋክብት ነበር። እኔ ስለ ኮከብ የማውቀው «ኮከብህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ቀውስ» ማለት ብቻ ነው። ጉድ ሆንኩላችሁ።

ከስምንት ሦስት መለስኩ። ሁለቱ ቀላል ነበሩ፣ የሰሜን ኮከብና ሲሪየስ። «እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፣ አንድ ሰማይ አይበቃንም» የሚለውንም አዳኙ ኦሪዮንና ጊንጡ ናቸው ብዬ አገኘሁት፣ ግን እውቀት እንዳይመስላችሁ፣ ጊንጡ ነድፎ ገደለው የሚለውን ተረት ድሮ ሰምቼው ስለነበር ነው። የቀሩት አምስቱ እነዚህ ናቸው፦

1. «ከአሥራ ሁለቱ ነፍስ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ድሮ ግን የጎረቤቴ እጅ ነበርኩ።» ሚዛን መሆኑ ገብቶኛል። የጎረቤት እጅ የሚለው ነው ያልገባኝ። ደግሞስ ቀውስ ራሱ ቀስት ማለት አይደል እንዴ? ቀስት ነፍስ አለው?

2. «ቀይ ነኝ። ስሜ ተከታይ ማለት ነው። በዲሴምበር እኩለ ሌሊት ከፍ ብዬ እታያለሁ። አብረውኝ ከቆሙት ጋር ግን አልዛመድም።» አንታሬስ አልኩ። ተሳስተሃል አሉኝ።

3. «ሁለት አህዮች ከግርግም ይበላሉ። ባለቤታቸው ወደ ጎን ይሄዳል።» እዚህ ላይ አገር ሰጥቼ ተገላገልኩ።

4. «ስንጠራ ሁለተኛ፣ ስንታይ አንደኛ ነኝ። አንድ የሚመስለው ወንድሜ ስድስት ነው።» ይሄንንም አገር ሰጠሁ።

5. የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው። ባጭሩ፣ ዲሴምበር 5 የተወለደ ሰው ፀሐይ የማን ቤት ሆና ተወለደ የሚል ነው። እኔ ራሴ ዲሴምበር 5 ነው የተወለድኩት! ዕድሜ ልኬን ቀውስ ነኝ ስል ኖሬአለሁ። «ቀውስ» ብዬ መለስኩ። መልሱ «እባብ ያዡ» ነው ብለው ነጥቤን ቀሙኝ። እባብ ያዥ የሚባል ኮከብ የሰማ ሰው አለ? ከአሥራ ሁለቱ ውስጥስ የት አለ?


ኮከብ_ቆጣሪ_አይደለሁም፦

ሁለተኛው አልደባራን ነው። የሰውር፣ ማለትም የበሬው ዓይን።

አንታሬስ ማለትህ አይፈረድብህም። ሁለቱም ደማቅ ናቸው፣ ሁለቱም ቀላ ያሉ ናቸው፣ ሁለቱም ፀሐይ በምትሄድበት መንገድ ዳር ናቸው። የሚለያቸው ስማቸው ነው። አልደባራን ከአረብኛ የመጣ ሲሆን ተከታይ ማለት ነው። የሚከተለው ፕሌያዲስን ነው፣ እነዚያን ተጠጋግተው እንደ ትንሽ ዘለላ የሚታዩትን። እነሱ ከአድማስ ብቅ ይላሉ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እሱ ከኋላቸው ይመጣል። አንታሬስ፣ የጊንጡ ደማቅ ኮከብ ደግሞ፣ የአሬስ ተቀናቃኝ ማለት ነው፤ አሬስ ግሪኮች ማርስን የሚጠሩበት ስም ነው። ማርስ በአጠገቡ ስታልፍ አይተህ ከሆነ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለአፍታ ያምታታል።

ግን ስሙን ባታውቅ እንኳ «በዲሴምበር እኩለ ሌሊት» የሚለው ብቻውን ይበቃህ ነበር። እኔ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የማነሳው አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ወር ፀሐይ የት ነች? በዲሴምበር መጀመሪያ ፀሐይ አንታሬስ አጠገብ ነች። ስለዚህ አንታሬስ ከእሷ ጋር ወጥቶ ከእሷ ጋር ይጠልቃል፣ በብርሃኗ ተውጦ አይታይም። አልደባራን ግን ከአንታሬስ ትክክል ወዲያ ማዶ ያለ ኮከብ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ይወጣል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ ይላል፣ ሲነጋ ይገባል። አንተ ያገኘኸው የኦሪዮንና የጊንጡ እንቆቅልሽም መፍቻው ይሄው ነው፣ ተረቱን ባትሰማም ታገኘው ነበር።

«አልዛመድም» ያለው እውነቱን ነው። ከአልደባራን ጋር የበሬውን ፊት የሚሠሩት ኮከቦች ሃያዲስ ይባላሉ፣ አብረው የተወለዱ ናቸው፣ 150 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ150 ዓመት የሚጓዘውን መንገድ) ያህል ይርቃሉ። አልደባራን ግን ያለው 65 ገደማ ላይ ነው። ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ ፎቶ ሲነሳ ካሜራው ፊት ድንገት የተደነቀረ መንገደኛ በለው።


ማታማታ፦

ሦስተኛውን ለእኔ ተዉልኝ፣ በጣም ነው የምወደው።

ወደ ጎን የሚሄደው ሸርጣን ነው። ሸርጣን ከአሥራ ሁለቱ ሁሉ ደብዛዛው ነው፣ ብዙ ሰው ፈልጎ አያገኘውም። መሐሉ ላይ ግን ጭጋግ የመሰለች ነጠብጣብ አለች። የጥንት ሰዎች ግርግም አሏት፣ በላቲን ፕሬሴፔ። ከግርግሟ በላይና በታች ያሉትን ሁለት ኮከቦች ደግሞ አህዮች አሏቸው። እስከ ዛሬ ስማቸው አሴለስ ቦሪያሊስና አሴለስ ኦስትራሊስ ነው፣ የሰሜኑ አህያና የደቡቡ አህያ እንደማለት። ሸርጣን አህያ የሚያረባበት ሌላ ቦታ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ግርግሟ ጭጋግ አይደለችም፣ የኮከቦች ክምችት ነች። ጋሊሌዮ ቴሌስኮፑን ሲያዞርባት ከ40 በላይ ኮከብ ቆጠረ። እኔ ቴሌስኮፕ የለኝም፣ የማያት በዓይኔ ነው። መብራት በሌለበት ጨለማ ቦታ ላይ መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም ብርሃን ሳላይ ዓይኔን አለማምዳለሁ፣ ስልክም አልነካም። ከዚያ ትኩር ብዬ ሳያት ትጠፋለች። ዓይኔን ትንሽ ወደ ጎን ሳደርግ ትመጣለች። መልሼ ትኩር ስል ትጠፋለች። የዓይናችን መሐል ቀለም ለመለየት እንጂ ለደብዛዛ ብርሃን ስለማይረባ ነው። የሸርጣን ኮከብ ወደ ጎን ሲያዩት ብቻ መታየቱ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

አሁን ወደ ሚዛን። በግሪኮች ዘመን ሚዛን ራሱን የቻለ አልነበረም፣ የጊንጡ ሁለት መቆንጠጫዎች ነበር። ይሄ እንዲያው የተወራ ተረት አይደለም፣ ስሙ ላይ ቀርቷል። የሚዛን ሁለት ደማቅ ኮከቦች ዙቤንኤልጀኑቢ እና ዙቤንኤሸማሊ ይባላሉ፣ ከአረብኛ ነው፣ የደቡቡ መቆንጠጫና የሰሜኑ መቆንጠጫ። ጎረቤቱ ጊንጥ ነው፣ እጁም ይሄ ነው። (ባቢሎናውያን ከግሪኮቹ በፊትም ሚዛን ይሉት ነበር፣ ስለዚህ እንቆቅልሹ የግሪኮችን ወገን ይዟል።)

ስለ ቀውስ ያነሳኸው ግን ጥሩ ነው፣ እኔም ሳላስበው የኖርኩት ነገር ነው። በእኛ ስሞች ከሄድን እንቆቅልሹ ራሱ ይፈርሳል። ቀውስ በአረብኛ ቀስት ነው። ደለዊ የውሃ መቅጃ ባልዲ ነው። ሰንቡላ የእህል ዛላ ነው። ከሚዛን ጋር አራት ሆኑ ማለት ነው! ጠያቂው ያሰበው ሥዕሎቹን ነው፦ ቀስተኛ፣ ውሃ ቀጂ፣ ድንግል። በሥዕል ከሆነ ሕይወት የሌለው ሚዛን ብቻ ነው። እንዲያውም የሰንቡላ ደማቅ ኮከብ ስፓይካ ትባላለች፣ በላቲን የእህል ዛላ ማለት ነው፣ ድንግሏ በእጇ የያዘችው። ፈረንጆቹ ልጅቷን ሲጠሩ እኛ የያዘችውን ነው የምንጠራው።


ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ነጥብህን አልቀሙህም። ለብዙ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ፣ ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ተማሪ ሳያስኮርፍ አልፎ አያውቅም።

እባብ ያዡ በፈረንጅ አፍ ኦፊዩከስ ይባላል። አዲስ አይደለም። የጥንቱ የሰማይ ተመራማሪ ቶለሚ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከመዘገባቸው 48 ህብረ ከዋክብት አንዱ ነው። በየጥቂት ዓመቱ «አሥራ ሦስተኛ ኮከብ ተገኘ» የሚል ወሬ ሲሰራጭ አያለሁ፣ ማንም ያገኘው ነገር የለም፣ ሰውየው እዚያው ቆሞ ነበር። በሥዕሉ ላይ ጊንጡን ረግጦ ነው የሚታየው። ፀሐይ የምታልፈው በእግሮቹ በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930 የህብረ ከዋክብት ድንበር በይፋ ታተመ፣ ያሰመረው ዴልፖርት የሚባል ቤልጂጋዊ ነው። ሰማዩ እንደ መሬት በ88 ተሸንሽኖ ባለቤት የሌለው ቁራሽ አልቀረም። በዚህ ድንበር ስትሄድ ፀሐይ አቅራብ፣ ማለትም ጊንጡ ውስጥ የምትቆየው አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው፣ ከኖቬምበር 23 ገደማ ጀምሮ። ከዚያ ወደ 18 ቀን እባብ ያዡ ዘንድ ትሰነብታለች። ቀውስ ውስጥ የምትገባው ዲሴምበር 18 ገደማ ነው። ሰንቡላ ውስጥ ግን 45 ቀን ያህል ትከርማለች። ሁሉም እኩል አንድ አንድ ወር ይዟል የሚባለው ሰማይ ላይ የለም። ዲሴምበር 5 እባብ ያዡ መሆኑ አያከራክርም።

ሌላም ነገር አለ። የመሬት ዘንግ ሊቆም እንደተቃረበ እንዝርት ይዞራል፤ አንድ ዙር ለመጨረስ 25,800 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ያ ማለት በ72 ዓመት አንድ ዲግሪ ነው። ይህን ያስተዋለው ግሪካዊው ሂፓርከስ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን። በዚያ ዘመን በማርች ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆን ፀሐይ ሐመል ውስጥ ነበረች። ዛሬ በዚያው ቀን ሑት ውስጥ ነች። ነጥቡን ግን አሁንም «የሐመል መጀመሪያ» ነው የምንለው፣ ቤት ቀይሮ ስሙን በድሮው በር ላይ እንደተወ ሰው። የጋዜጣው ኮከብ የሚቆጥረው በድሮው በር ነው።


ክርክር_ወዳድ፦

ጋሼ፣ ሂሳብዎ ላይ ምንም የለኝም፣ ፍርድዎ ላይ ግን አልስማማም።

ዞዲያክ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሰማይ ላይ ያለው የኮከብ ስብስብ ነው፣ ትልቅም ትንሽም አለ። ሌላው የፀሐይ መንገድ ለአሥራ ሁለት እኩል ቦታ ተቆርጦ፣ ለእያንዳንዱ 30 ዲግሪ ተሰጥቶ፣ ስም የወጣለት ነው። ሁለተኛው መቁጠሪያ እንጂ ሥዕል አይደለም። ቁራጮቹ ስማቸውን ከኮከቦቹ ተዋሱ እንጂ ኮከቦቹን እንከተላለን አላሉም። በሁለተኛው ከሄድን ዲሴምበር 5 ቀውስ ነው። ልጁ ልክ ነው። የዕድል ትንበያው ውሸት ነው ብትሉኝ እስማማለሁ፣ እኔም አላምንበትም፣ ግን እንቆቅልሽ ጠያቂው ራሱ «ከአሥራ ሁለቱ» እያለ ጀምሮ አሥራ ሦስተኛውን መልስ ማድረጉ ማጭበርበር ነው። ጥያቄው ቃል በቃል ምን ይላል?


ጀማሪው፦

ተመልሼ አየሁት። ኤጭ! ቃል በቃሉ እንዲህ ይላል፦ «ዲሴምበር 5 ተወለድኩ። ፀሐይ ቆማ የነበረው በየትኛው ህብረ ኮከብ ድንበር ውስጥ ነው? ኮከቤን የጠየቁኝ ሁሉ ተሳስተዋል።»

ድንበር የሚል ቃል አለበት። «ተሳስተዋል» የሚልም አለበት። እኔ ልደቴን ሳይ ደስ ብሎኝ መጨረሻውን አላነበብኩም።


ክርክር_ወዳድ፦

በል ተሸንፈሃል፣ እኔም አብሬህ። ድንበር ካለ የ1930ው ነው፣ ሌላ ድንበር የለም።


ጡረተኛው፦

ተማሪዎቼም የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነበር። ጥያቄውን እስከ ነጥቡ አያነቡም።


ኮከብ_ቆጣሪ_አይደለሁም፦

አራተኛው ተረሳ እኮ። ፖለክስ ነው፣ ከገውዝ። መንትዮቹ ካስተርና ፖለክስ ናቸው። የኮከብ ካርታ ሠሪው ባየር በ1603 ለኮከቦች የግሪክ ፊደል ሲያድል ለካስተር የመጀመሪያውን አልፋ፣ ለፖለክስ ሁለተኛውን ቤታ ሰጠ። ደማቁ ግን ፖለክስ ነው። ካስተር በዓይን አንድ ነው፣ በቴሌስኮፕ ሲያዩት ይከፋፈላል፣ ብርሃኑን ሲመረምሩት ደግሞ ሦስት ጥንድ፣ በድምሩ ስድስት ኮከብ ሆኖ ተገኘ። መንታ ናቸው ይባላሉ እንጂ አብረው እንኳ አይኖሩም፦ ፖለክስ 34 የብርሃን ዓመት፣ ካስተር 51 ገደማ።


ማታማታ፦

እንግዲህ ካለቀ እኔም አንድ ልጠይቅ። ከዞዲያክ ውጪ ነው። «በየ69 ሰዓቱ ገደማ ዓይኔን እከድናለሁ። የሚከድንልኝ ጓደኛዬ ነው።»


ጀማሪው፦

ሁሉም ኮከብ ብልጭ ድርግም ይል የለ? ይሄ ምን እንቆቅልሽ ይባላል?


ኮከብ_ቆጣሪ_አይደለሁም፦

ብልጭ ድርግም የሚለው ኮከቡ ሳይሆን የኛው አየር ነው፣ ብርሃኑን እያወዛወዘው። ይሄኛው ሌላ ነው። 69 ሰዓት ብላ ቁጥር ሰጥታሃለች። ቁጥር ካለ የሚደጋገም ነገር አለ፣ የሚደጋገም ነገር ካለ የሚዞር ነገር አለ።

አልጎል ነው። የግሪክ ተረት ጀግናው ፐርሲየስ በሥዕሉ ላይ በእጁ በያዘው የሜዱሳ ራስ ላይ ያለው፣ ስሙም ከአረብኛ ነው፣ ጭራቅ ማለት። ሁለት ኮከቦች ተጠጋግተው ይዞራሉ፣ ደብዛዛው በደማቁ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑን ይጋርደዋል። በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ይደግመዋል፣ ደብዝዞ እስኪመለስ ደግሞ 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ በባዶ ዓይን ይታያል። ምክንያቱ መጋረድ ሊሆን ይችላል ብሎ በ1783 ያቀረበው ጆን ጉድሪክ ነው፣ ገና ሃያ ያልሞላው፣ መስማት የተሳነው እንግሊዛዊ ልጅ። እኔ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ተከታትዬዋለሁ። በመጀመሪያው ሌሊት ሰዓቱን በትክክል ሳላሰላ ወጥቼ በከንቱ በረድኩ። በሁለተኛው ግን አጠገቡ ካሉት ኮከቦች ጋር እያነጻጸርኩ ሲደበዝዝ አየሁት። ወዲያው የሚሆን ነገር አይደለም፣ በየግማሽ ሰዓቱ ነው የምታየው፣ «አሁን አነሰ ወይስ ለእኔ መሰለኝ?» እያልክ።


ማታማታ፦

ልክ ነህ። እኔ ደግሞ ማንም አይመልሳትም ብዬ ተመክቼ ነበር።


ጀማሪው፦

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። አሁን ገባኝ፣ እኔ መልስ የምፈልገው ጋዜጣው ላይ ካለው የኮከብ ዝርዝር ነበር። ለሚቀጥለው ሳምንት ግሩፑ ላይ የምጠይቀውን አንድ ራሴ ፈጠርኩ፣ እስቲ ፈትኑልኝ፦ «ለመኖሪያ አሥራ ሦስት ቤት አለኝ። የገባሁበትን ቤት ግን ማንም አያየውም።»


ክርክር_ወዳድ፦

ጨረቃ?


ጀማሪው፦

አይደለም። ጨረቃ የገባችበት ቤት ኮከቦቹ ይታያሉ።


ማታማታ፦

ፀሐይ ናት። በአሥራ ሦስቱ ታልፋለች፣ የቆመችበትን ህብረ ኮከብ በብርሃኗ ስለምትሸፍነው አይታይም። ጥሩ ናት፣ ጠይቃቸው። ዲሴምበር 5 ማታ ወጥተህ እባብ ያዡን ብትፈልግ አታገኘውም። ጁን መጀመሪያ ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ሞክር፣ ያኔ ከፍ ብሎ ይጠብቅሃል።


ጀማሪው፦

ጁን ላይ እዚሁ እመለሳለሁ። ካገኘሁት ነጥቤን ትመልሱልኛላችሁ።